ሳትመረመሩ አትወጉ!
ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ነዋሪ፣ በውጭ አገር ላሉ ወገኖችም የቀረበ ጥሪ

ስንት ሰው እስክንቀብር ነው የምንጠብቀው? ሆዱ የተነፋ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ጎልማሳ በየሰፈራችን አይተናል። «የወፍ በሽታ ነው» እንላለን። ስሚዛ ተወቅጦ ይጠጣል፣ «የሚያውቅ ሰው» ይፈለጋል፣ ወራት ያልፋሉ፣ በመጨረሻ ዕድር ድንኳን ይተክላል። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ጉበትን ለዓመታት ድምፃቸውን አጥፍተው እንደሚበሉ ከሽምብጥ እስከ ዘጌ፣ ከቆራጣ እስከ ደልጊ ያልሰማ የለም። ሰምተናል፤ ግን አልተነሣንም።

ይህን ጥሪ ያስጻፈኝ የአንድ ጀልባ ነጂ ሞት ነው። ስሙን አልጠራም፤ እናቱ በሕይወት አሉ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስ፣ ሞተር ሲበላሽበት በገዛ እጁ ፈትቶ የሚገጥም ብርቱ ልጅ ነበር። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ እንዳለበት ያወቀው ደም በለገሰ ጊዜ ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ምንም አላመመውም፤ ይበላል፣ ይሠራል፣ ይስቃል። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ነው የሚያዘናጋው። ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ ድካም መጣ፣ ከቀኝ ጎድኑ በታች ክብደት ይሰማው ጀመር፣ እግሩ ማታ ማታ ያብጥ ነበር። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። የነገረው ባሕር ማዶ ለሚኖር ዘመዱ ነው።

ዘመድ ጨክኖ አልተቀመጠም። ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ሰው ለምኖ፣ ፔግ ኢንተርፌሮን የሚባለውን በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋ መድኃኒት በመንገደኛ ሻንጣ ላከለት። መርፌው ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ መሥራትም፣ መሞቅም የለበትም። ሻንጣው ግን አዲስ አበባ አደረ፣ ባሕር ዳር ዋለ፣ በመጨረሻ መብራት በሄደ ቁጥር በሚሞቅ የለስላሳ ፍሪጅ ውስጥ ከጠርሙሶች መሀል ገባ። በሰፈር መርፌ የሚወጋ ሰው ተጠራ። የደም ሴል ቁጥር አልታየም፣ የጉበት ምርመራ አልተሠራም፣ አልትራሳውንድ አልተነሣም። «ከውጭ የመጣ ነው» መባሉ ብቻ በቂ ሆነ።

በመጀመሪያው ሌሊት ትኩሳትና ብርድ አንቀጠቀጠው። «እየሠራ ነው» ተባለ። በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፍ አጣ፤ ያ ሳቂታ ልጅ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ የሚውል፣ ልጆቹ ሲንጫጩ የሚያለቅስ ሆነ። «መድኃኒቱ ከበሽታው እየታገለ ነው» ተባለ። በአራተኛው መርፌ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ ውኃ ያዘ። ሆስፒታል የደረሰው በሰው ትከሻ ነው። ሐኪሙ ጉበቱ ቀደም ብሎ ጠባሳ ለብሶ እንደ ነበር፣ ይህ መርፌ እንዲህ ላለ ጉበት ፈጽሞ እንደማይሰጥ ነገራቸው። ከጥምቀት በፊት ተቀበረ። በለቅሶው ሰሞን ደግሞ ባዶዎቹን ሲሪንጆች ትንሹ ልጁ ከጓሮ አንሥቶ ውኃ እየሞላ ሲረጭባቸው ተገኘ። ቫይረሱ ከሰው አካል ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ሕያው ሆኖ ይቆያል!

ማነው የገደለው? ዘመዱን አልከስም፤ ፍቅር ነው የላከለት። መድኃኒቱንም አልከስም። ኢንተርፌሮን እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የተገኘ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለጉበት ቫይረስ ሲሰጥ የኖረ። የሚሠራው የሰውነትን የራሱን መከላከያ ቀስቅሶ በቫይረሱ የተያዙትን የጉበት ሴሎች እንዲያጠቃ በማድረግ ነው። አቅም ያለው ጉበት ይህን ጥቃት ይችለዋል፤ ጥቂት ሰዎችም ከ48 ሳምንት ሕክምና በኋላ ቫይረሱን ለረጅም ጊዜ ይቆጣጠራሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት የሚገኙት የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ዝርያዎች ኤ እና ዲ ናቸው፤ ኤ ለመርፌው የተሻለ ምላሽ ይሰጣል፣ ዲ ግን ያስቸግራል። ሄፓታይተስ ዲ የሚባለው ሌላው ቫይረስ ለተደረበበት ሰው ደግሞ መርፌው እስከ ዛሬ ከጥቂት አማራጮች አንዱ ነው። ነገር ግን የደከመ ጉበት በዚያ ጥቃት ይወድቃል። ነጭ የደም ሴልና ፕላትሌት ይቀንሳል፣ የታይሮይድ ዕጢ ይታወካል፣ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ይመጣል፤ ሰው ራሱን እስከ ማጥፋት የሚደርስበት ጊዜ አለ። ነፍሰ ጡር አትወስደውም። ስለዚህ ነው ከመርፌው በፊት የደም ምርመራ፣ በመርፌው መካከልም በየጊዜው የደም ምርመራ የሚያስፈልገው። ያን ልጅ የገደለው ምርመራ መዝለል ነው። ሳትመረመሩ አትወጉ!

የሚያንገበግበው ሌላ ነው። አብዛኛው ሰው ይህ መርፌ ጨርሶ አያስፈልገውም። ለሄፓታይተስ ቢ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ቴኖፎቪር የሚባል ኪኒን አለ፤ በኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ለዓመታት የምናውቀው፣ ፍሪጅ የማይፈልግ፣ ጉበቱ ለተጎዳ ሰውም የሚሰጥ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደኛ ላሉ አገሮች የሚመክረውም ይህንኑ ነው። ለሄፓታይተስ ሲ ደግሞ የመርፌው ዘመን አልፏል፤ ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር የሚባሉ ኪኒኖች በአብዛኛው በ12 ሳምንት ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆነውን ታማሚ ያድናሉ። ዛሬ «ለሄፓታይተስ ሲ መርፌ ልውጋህ» የሚላችሁ ሰው ካለ ተነሥታችሁ ውጡ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ከ1,300 በላይ ሰዎችን መዝግቦ ተከታትሏል፤ ኪኒኑ በአገራችን ሁኔታ እንደሚሠራ ታይቷል። እዚያም ይበልጥ የሞቱት ሆዳቸው ውኃ ከያዘ በኋላ የመጡት ናቸው። ዘግይቶ የመጣ ይሞታል፤ ቀድሞ የመጣ ይኖራል። ታዲያ ምን እንጠብቃለን?

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት የደመረ ሥራ በኢትዮጵያ ከመቶ ሰው ሰባት ያህሉ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ እንዳለበት አሳይቷል። የእሑድ ቅዳሴ ላይ ዙሪያችሁን ተመልከቱና ቁጠሩ። አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ውስጥ አንዱ ማለት ነው። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1.3 ሚሊዮን ሰው በጉበት ቫይረሶች ሞቷል።

መርፌ የምንወድ ሕዝብ ነን። «ኪኒን ብቻ ነው የሰጠኝ» ብለን ሐኪሙን እናማለን። የዓባይን ውኃ የሚጠጣው ወንድማችን ግብፅ በዚህ መንገድ ሄዶ የከፈለውን እንወቅ። በጣና ዳር የምናውቀው ብልሃርዚያ እዚያም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መንግሥት ገበሬውን ከብልሃርዚያ ለማዳን ብሎ በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ በዘመቻ ወጋ፤ ሲሪንጁ በቅጡ ሳይቀቀል ከክንድ ወደ ክንድ ተሻገረ፤ ሚሊዮኖች በሄፓታይተስ ሲ ተያዙ። ዛሬ ለብልሃርዚያ የሚዋጥ ፕራዚኳንቴል አለ፤ ያኔ የተዘራው ሞት ግን ለሁለት ትውልድ ታጨደ። ግብፆች ግን አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 አጋማሽ ባሉት ወራት ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረመሩ፣ የተገኘበትን በነፃ አከሙ፤ በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ሄፓታይተስ ሲን ወደ ማጥፋት መቃረባቸውን መሰከረላቸው። እኛ አንድ ቀበሌ መመርመር ያቅተናል?

ያንን ጀልባ ነጂ ከቀበርን በኋላ ቤተሰቡ ተመረመረ። እናቱ ላይ ተገኘ። ሁለቱ ወንድሞቹ ላይ ተገኘ። አንዳቸውም አላመማቸውም ነበር። ትንሹ ወንድሙ ዛሬ በቀን አንድ ኪኒን ይውጣል፣ ጉበቱ ደኅና ነው፣ የወንድሙን ጀልባ እየነዳ ነው። ልዩነታቸው በጊዜው የተደረገ የሐኪም ምርመራ ብቻ ነው።

እናንተ በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ፣ በሪያድ፣ በቤሩት ያላችሁ፦ መርፌ በሻንጣ አትላኩ። የምርመራውን ዋጋ ላኩ። የቫይረስ መጠን ምርመራና አልትራሳውንድ የሚከፈልበት ገንዘብ ከመርፌው በላይ ነፍስ ያድናል። ሐኪም አዝዞ፣ ደሙን አይቶ፣ ክትትሉን ተቀብሎ «አምጡ» ካለ ብቻ፣ በሕጋዊ መድኃኒት ቤት በኩል ይግባ።

እናንተ የዕድር ዳኞች፣ የማኅበርና የሰንበቴ ሙሴዎች፦ ለድንኳንና ለንፍሮ የምታወጡትን ታውቃላችሁ። ከዚያ ላይ ቀንሱ። በዚህ ዓመት አንድ ቀን ወስኑ፤ አባሉን በሙሉ ከነቤተሰቡ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱ፤ መክፈል ለማይችል ክፈሉ። ሰው ከሞተ በኋላ የምናሳየውን መተባበር ሳይሞት እናሳየው።

እናንተ እርጉዝ እኅቶች፦ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ላይ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ጠይቁ። አልነገሩኝም አትበሉ፤ ጠይቁ። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ከመቶ ዘጠናው ያህል ቫይረሱን ዕድሜውን ሙሉ ይሸከማል፤ በአዋቂነት የተያዘ ግን አብዛኛው ራሱ ያስወግደዋል። በአገራችን ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስድስተኛው፣ በዐሥረኛውና በዐሥራ አራተኛው ሳምንት በሚሰጠው ክትባት ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፤ አንዱንም አታሳልፉ። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠውን ክትባት ደግሞ ከመውለዳችሁ በፊት የምትወልዱበትን ተቋም ጠይቁ። ቫይረሱ ያለባት እናት ሐኪሟ ካዘዘላት በእርግዝና ቴኖፎቪር ትወስዳለች፤ ጡትም ታጠባለች።

እናንተ መርፌ የምትወጉ፣ ዋግምት የምታወጡ፣ እንጥል የምትቆርጡ፣ ፀጉር የምትላጩ፦ አንድ ምላጭ ለአንድ ሰው፣ አንድ ሲሪንጅ ለአንድ ሰው። ሲሪንጁ ከማሸጊያው ዓይናችን እያየ ይውጣ፣ ከተወጋም በኋላ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይግባ። ይህን የማታደርጉ ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ። የጤና ባለሙያ ልጆቻችን ደግሞ ሦስቱን ክትባት ጨርሱ፤ መርፌ የሚወጋችሁ እናንተን ነውና።

ቫይረሱ ያለባችሁ ወገኖች፣ አትሸሸጉ። በአንድ ገበታ በመብላት፣ በመተቃቀፍ፣ በአንድ ታንኳ በመሳፈር አይተላለፍም። ጠበል የምትጠመቁ ተጠመቁ፤ ኪኒኑን ግን አታቋርጡ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስም እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ ለምእመናን ተናግረው ነበር። ቴኖፎቪርን በድንገት ያቋረጠ ሰው ቫይረሱ ተነሥቶ ጉበቱን ሊያጠፋው ይችላል። አረቄውንም ተዉት፤ ስሚዛውንም፣ ምንነቱ የማይታወቀውን ሥርም።

ሳትመረመሩ አትወጉ! ልጆቻችሁን ሳታስመረምሩ አትተኙ! ዕድራችሁ ሳይወስን አትበተኑ!

ጊዜ የለንም፣ በአጭሩ፦ ሐምሌ 21 የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ነው፤ እስከዚያ እያንዳንዱ ቤት ይመርመር። የመጀመሪያው ምርመራ ጥቂት ጠብታ ደም ብቻ ነው፤ በቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ። የተገኘበት ሰው ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ መንገድ የተዘጋበት የደሴትና የገጠር ሰው መንገዱ እስኪከፈት ከሰፈር መርፌ ይታቀብ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይንገር። ኢንተርፌሮን የታዘዘለት ሰው መርፌው በቅዝቃዜ መምጣቱን ያረጋግጥ፣ አይነቅንቀው፣ በየሳምንቱ በዚያው ቀን ከሆድ ወይም ከጭን ቆዳ ሥር ይወጋ፣ የደም ቀጠሮውን አይዝለል፤ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሆዱ ካበጠ ወይም ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣበት ያንኑ ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ከሻንጣ የወጣ፣ ማሸጊያው የተከፈተ ወይም የተጠራጠራችሁትን መድኃኒት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አሳውቁ፤ ነፃ ስልክ 8482።