የውኃ ሠራተኛውና የሙያ ማኅበሩ

ሐዋሳ በሐይቅ ዳር የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ውኃ ከቶ የማይቸግራት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ሐይቁ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ፀሐይ ውኃውን እያተነነች በሄደች መጠን ማዕድኑ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ይህ ሁላችንም ማታ ማታ ዳሩን የምንዞረው ሐይቅ ለዓይን እንጂ ለጄሪካን አይሆንም። የምንጠጣው ከሌላ ተቀድቶ፣ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ተመዝኖለት የሚመጣው ነው።

ይህን የሚያደርገው ማን ነው? ሌሊት ፓምፕ የሚጠብቅ፣ ቱቦ ሲፈነዳ ጭቃ ውስጥ የሚወርድ፣ በየደጃፉ ቆጣሪ የሚያነብ ሠራተኛ ነው። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ከመካከላችን ጥቂት የማንባል እርሱን እንሆናለን። ይህ ሰው በሙያ ማኅበር ቢታቀፍ ምን ይጠቀማል? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮች እንዳይምታቱ። የሠራተኛ ማኅበር ሌላ ነው፤ የሙያ ማኅበር ሌላ ነው። የመጀመሪያው ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ከአሠሪው ጋር የሚደራደር ሲሆን፣ በአገራችን በ1956 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 210 ሕጋዊ መልክ አግኝቷል። ሁለተኛው ሙያውን ራሱን የሚጠብቅ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113ም በስሙ ያውቀዋል። አንድ ሰው ለሁለቱም አባል ቢሆን የሚከለክለው የለም።

አሁን ወደ ጥቅሙ እንግባ። በአገራችን እያንዳንዱ ከተማ የየራሱ የውኃ አገልግሎት አለው። በአንዲት ትንሽ ከተማ የተመደበ ወጣት መሐንዲስ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፤ የሚጠይቀው ታላቅ የለውም። የፍሎራይድን ነገር እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚፈቅደው በሊትር እስከ 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ግን ከዚህ በላይ የያዙ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። የሕፃናት ጥርስ መበለዝ ሁላችንም ያየነው ነው፤ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። በሕንድ አገር በናልጎንዳ ስም የሚጠራው፣ አሉምና ኖራ የሚጨመርበት ዘዴ አለ፤ የከሰለ አጥንት የሚያጣራበትም ዘዴ አለ። ሁለቱም በእኛው ሸለቆ ተሞክረዋል። አሉሙ ስንት ቢሆን ይበቃል? ዝቃጩ የት ይጣላል? አጥንቱ መቼ ይለወጣል? ይህን የሚያውቀው በእጁ የሠራው ኦፕሬተር ነው። እርሱ ጡረታ በወጣ ቀን እውቀቱ አብሮት ይወጣል፤ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚሠራው ባልደረባውም ከሀ ይጀምራል። ሁለቱን አንድ ጉባኤ የሚያቀምጣቸው ማኅበር ቢኖር ይህ ሁሉ ድካም ባልሆነ ነበር።

በዚሁ በከተማችንም በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ መልሶ የሚያጣራ ጣቢያ አለው። በዚያ የሚሠራውና በከተማው ማጣሪያ የሚሠራው ሰው ምናልባት በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ ግን ስለ ሥራቸው የሚነጋገሩበት ወንበር ከወዴት ይምጣ?

የሌላውን አገር ታሪክ ብንመለከት፣ የአሜሪካ የውኃ ሥራዎች ማኅበር በ1881 እ.ኤ.አ. በሴንት ሉዊስ ሲመሠረት 22 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በላቦራቶሪያችን የምናገላብጠውን፣ መጀመሪያ በ1905 እ.ኤ.አ. የታተመውን የውኃ መመርመሪያ ዘዴዎች መጽሐፍ ዛሬ ይኸው ማኅበር ከሌሎች ሁለት የሙያ ማኅበራት ጋር ያሳትመዋል። እኛ በፈተና ሰሞን የምንረግመው መጽሐፍ የማኅበርተኞች ሥራ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

«ማኅበር ማለት ማኅተምና ሊቀ መንበር ነው፤ መዋጮ ተሰብስቦ ለምሳ ይጠፋል» የሚሉ ጓደኞች አሉ። አልተሳሳቱም፤ እንዲህ ያለውን አይተናል። ነገር ግን እድር ገንዘብ ያዥ ቢያጠፋ ሰፈሩ ገንዘብ ያዡን ይለውጣል እንጂ ድንኳኑን አያቃጥልም። እኛ ይልቅ የምንፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ማኅበሩ ዲግሪ ላላቸው ብቻ እንዳይሆን ነው። ክሎሪን ከቧንቧው ጫፍ ሲደርስ በሊትር ከ0.2 ሚሊግራም እንዳያንስ በየቀኑ የሚለካው ቴክኒሽያን፣ የጋዙንም አደጋ በሳንባው የሚያውቀው እርሱ ነው። ያለ እርሱ የሚሰበሰብ ጉባኤ እኛ የምንመዘገብበት አይደለም።

ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረት ከውኃ ምሕንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የፈቃደኞችን ስም መመዝገብ እንዲጀምር እናሳስባለን። መምህራኖቻችን በወር አንድ ቅዳሜ አዳራሽ ቢፈቅዱልን፣ የመጀመሪያው ተናጋሪ ፕሮፌሰር ባይሆን ደስ ይለናል፤ ሃያ ዓመት ፓምፕ የጠበቀ ሰው ይጠራልን።