ስልኩን ቆልፈናል፤ ልጃችንስ ይነግረናል?

የተወደዳችሁ ወላጆች፣ ዛሬ ለመነጋገር የምናፍርበትን ጉዳይ እናንሣ። ልጆቻችን የዝሙት ፊልም ለማየት የግድ ፈላጊ መሆን የለባቸውም። ጓደኛ የላከው አንድ ሊንክ ይበቃል። ብዙ ጊዜም የሚያዩት በእኛው ስልክ ነው።

“እኛ ለልጆቻችን እንጸልያለን” የምንል አለን። እሰየው! ነገር ግን የምንጸልይ ሰዎች ማታ በራችንንም እንቆልፋለን። እንግዲህ የሚቆለፈውን እንቆልፍ።

በመጀመሪያ፣ ልጁ በሚነካው ስልክ ሁሉ የጉግልን “ሴፍ ሰርች” እና የዩቲዩብን “ሪስትሪክትድ ሞድ” እናብራ። ሁለተኛ፣ ልጁ የራሱ አንድሮይድ ስልክ ካለው፣ “ፋሚሊ ሊንክ” የተባለው የጉግል መተግበሪያ ልጁ ምን እንደሚጭንና ለስንት ሰዓት እንደሚጠቀም በእኛ ስልክ ለመወሰን ያስችለናል። በአይፎን “ስክሪን ታይም” ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ሦስተኛ፣ ቤታችን ዋይፋይ ካለ፣ ክላውድፍሌር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለቤተሰብ ያቀረበው ነፃ አገልግሎት አለ። በዋይፋዩ ማስተካከያ ውስጥ የዲኤንኤስ ቁጥሩ 1.1.1.3 ተብሎ ሲሞላ፣ በዚያ ዋይፋይ ለሚጠቀሙ ስልኮች ብዙዎቹ የዝሙት ድረ ገጾች ይዘጋሉ። ካልቻልንበት ሙያው ያለውን ወጣት እንጠይቅ።

ሆኖም ልጁ በሞባይል ዳታ ከገባ የቤቱ ቁልፍ አይከተለውም። በቴሌግራም የሚላክለትን ቪዲዮም ይህ ቁጥር አያግደውም። የመንግሥት ሕግ እንኳ ወሰን አለው። ብሪታኒያ ከጁላይ 25 ቀን 2025 ጀምሮ እነዚህ ድረ ገጾች የተመልካቹን ዕድሜ እንዲያረጋግጡ አስገድዳለች፤ ወዲያውም እገዳውን ለማለፍ ቪፒኤን የሚጭነው ሰው በዛ።

ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው፦ ልጃችን ያን ነገር ያየ ቀን ወደ ማን ይሄዳል? ጮኸን፣ መትተን፣ ስልኩን ከነጠቅነው የሚማረው መደበቅን ብቻ ነው። መደበቅ የለመደ ልጅ ደግሞ በስልክ የሚያባብለው፣ ፎቶ ላክ እያለ የሚያስፈራራው ክፉ ሰው ሲመጣበትም ዝም ይላል። አደጋው ከፊልሙ ይልቅ በዚህ ዝምታ ይከፋል።

ሳይደርስበት በፊት እንንገረው፦ “የኔ ልጅ፣ ልብስ የሌላቸው ሰዎች በስልክ ቢመጡብህ ስልኩን አስቀምጥና ና ንገረኝ። አልቆጣህም።” የነገረን ቀንም ቃላችንን እንጠብቅ። ማን እንደላከለት፣ ምን እንደተሰማው በቀስታ እንጠይቀው። ያየው ነገር እግዚአብሔር ያከበረውን የሰውን ገላ መሸቀጫ የሚያደርግ እንደሆነ እናስረዳው። ጉዳዩ ለእናት ብቻ የሚተው አይደለም፤ አባቶችም በተለይ ለጎረመሱት ወንዶች ልጆቻችሁ ጊዜ ስጡ።

እናንተ ወላጆች፣ ስልኩን ለመቆለፍ ግማሽ ሰዓት አይፈጅባችሁም። የልጁን ልብ ግን በየዕለቱ ጠይቁ። ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።