ጥፋቱ የዶሮዋ ሳይሆን የአጥሩ ነው!



ዛሬ ትንሽ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አትቀየሙኝ። ሰሞኑን አንዲት እናት ጣቢያ ድረስ መጥተው "ልጄ፣ የተባይ መድኃኒት ስጠኝ" አሉኝ። "ምን ገባብዎት፣ ትል ነው?" ስላቸው፣ "የለም፣ የጎረቤቴ ዶሮዎች ናቸው። የጎመን ችግኜን ጭረው ጨረሱት። እህል ላይ ለውሼ ልበትንላቸው ነው" አሉ። አልሰጠኋቸውም። ተቀይመውኝ ሄዱ።

እኚህ እናት ክፉ ሆነው አይደለም። ለፍቶ ያፈላው ችግኝ በአንድ ጠዋት ሲገለበጥ ማን የማይናደድ አለ? ግን እስቲ እናስበው። መርዝ የነካው እህል የጎረቤትን ዶሮ ከራስ ዶሮ አይለይም። የሞተችውን ዶሮ ውሻ ይበላታል። ሕፃን ልጅ እህሉን ነክቶ በዚያው እጁ እንጀራ ይቆርሳል። ከዚያ ሽምግልና፣ ቀበሌ፣ ፍርድ ቤት። ይህ ሁሉ ለአንድ መደብ ጎመን!

ዶሮ መጫር ተፈጥሮዋ ነው። ውሻ የተቆፈረ ለስላሳ አፈር ካገኘ ይተኛበታል፣ ድመትም ትጭረዋለች። ግልገልና ጥጃ አረንጓዴ ካዩ ዘው ነው። እንስሳ ወሰን አያውቅም፤ ማወቅ ያለብን እኛ ነን።

"አጥርማ አለኝ" ትሉኛላችሁ። የትኛው? ያ በየዓመቱ ግራር ተቆርጦ፣ እናቶችና ልጆች ጀርባቸው እየተወጋ ተሸክመው የሚያመጡት የእሾህ አጥር? ሥሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ማገዶ ሲጠፋ ደግሞ ከእሱው እየተመዘዘ ምድጃ ይገባል። ጎመን በሚተከልበት ሰዓት አጥሩ ወንፊት ሆኗል። ችግኙ ካለቀ በኋላ ድንጋይ ውርወራ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። በዓመቱ ደግሞ ሌላ ግራር ቆረጣ። ኧረ ግራሩስ እስከ መቼ ይቆየናል?

እኛ ባለሙያዎችም ከደሙ ንጹህ አይደለንም። ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ስናወራ እንውላለን፣ ስለ አጥር ግን አናነሳም።

መፍትሔው በደጃችሁ ያለ ነው፤ በቁሙ የሚያድግ፣ የተጠላለፈ የተክል አጥር። ለወይና ደጋ ሰንሰል (በአንዳንድ ቦታ ስሚዛ የሚባለው) ጥሩ ነው። ቁራጩ በቀላሉ ይጸድቃል፣ አበባውን ንብ ይወደዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. አውራ ጣት የሚያህል ውፍረትና 1 ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ አዘጋጁ።
2. ዝናቡ ሳይወጣ፣ ከመደቡ 1 ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ትከሉ። 30 ሳንቲ ሜትሩ አፈር ውስጥ ይግባ። አጥሩ ዙሪያውን 30 ሜትር ከሆነ 150 ቁራጭ ይበቃል።
3. አንዱን ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩን ወደ ግራ ጋደል አድርጉ። ሲተላለፉ እንደ ሽሩባ አጠላልፋችሁ በልጥ ወይም በቃጫ እሰሩ። ሽቦ አታድርጉ፤ ግንዱ ሲወፍር ያንቀዋል።
4. ጫፉን ቁረጡ፣ ከታች ያቆጠቁጣል። ዶሮ የምትሾልከው በታች ስለሆነ፣ እስኪጠቀጥቅ ድረስ የታችኛውን ሁለት ስንዝር በቀጫጭን እንጨት ጥልፍልፍ አድርጉት።
5. የእሾህ አጥሩን ዘንድሮ አታፍርሱ። አዲሱን ከውስጥ በኩል ትከሉና እስኪጠነክር አሮጌው ይጠብቀው።

ቅንጭብም አጥር ይሆናል፤ ነገር ግን ወተቱ ዓይን ይጎዳል፣ ልጆች በሚጫወቱበት አትትከሉ። ወተቱ ዓይን ከገባ በብዙ ውኃ አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። የወፍ ቆሎን ግን በፍጹም! ዘሩን ወፍ ይበትነውና የግጦሽ መሬታችሁን ይወርሰዋል።

"ቦታ ይይዛል፣ ጥላ ያጠላል" የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ዝም ከተባለ ጫካ ይሆናል። በዓመት ሁለቴ ከደረት በላይ ያለውን ከርክሙት። "ጎረቤቴ ወሰን ገፋህ ይለኛል" የሚለው ደግሞ ትልቁ ፍርሃት ነው። አጥሩ ወሰን አካባቢ የሚያርፍ ከሆነ ሳትተክሉ በፊት ጎረቤታችሁን ጥሩት። ገመዱን አብራችሁ ዘርጉ፣ ግማሽ ሜትር ወደ ራሳችሁ ገብታችሁ ትከሉ። ቡናም ይፈላ! ዶሮዋም የእሱ አይደለች?

እኚያን እናት ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መድኃኒቱን ስለከለከልኳቸው አይደለም፤ ባዶ እጃቸውን ስለሸኘኋቸው ነው። አንድ ሸክም የሰንሰል ቁራጭ ይዤ እሄዳለሁ።

እናንተም ሳይቃጠል በቅጠል። ዝናቡ ሳያልፍ ዛሬውኑ ጀምሩ፣ ላልደረሰውም አድርሱልኝ።