መልሱን ብቻ ሳይሆን ደብተሩንም እንጠይቅ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ለብዙዎቻችን ቴሌግራም ሰሌዳ ሆነልን። ትምህርት ቤቶቹ ከተከፈቱ በኋላም በኦንላይን የቤት ሥራ መስጠቱ አልቀረም። እኛ የሒሳብ መምህራን ግን እስካሁን አልተስማማንበትም። አንዳንዶቻችን ከደብተር ክምር ገላገለን እንላለን፤ ሌሎቻችን ኩረጃን አስፋፋ ብለን እናማርራለን። ሁለቱም እውነት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው።

ኤክስ ስኩዌር ማይነስ 5 ኤክስ ፕላስ 6 ኢኩዋልስ ዜሮ የሚል ጥያቄ በጉግል ፎርም ላክን እንበል። አንዷ ተማሪ በትክክል ፋክተር አድርጋ፣ ኤክስ ማይነስ 2 እና ኤክስ ማይነስ 3 ላይ ደርሳ፣ በመጨረሻዋ መስመር ምልክት ተሳስታ ነጌቲቭ 2 እና ነጌቲቭ 3 ትላለች። ሌላው ጥያቄውን እንኳ ሳያነብ የመጣለትን ይመርጣል። ሁለቱም ዜሮ ያገኛሉ። ሦስተኛው ጥያቄውን በፎቶማዝ መተግበሪያ አንስቶ 2 እና 3 ብሎ ይልክና ሙሉ ማርክ ይወስዳል። ማን እንደገባውና ማን እንዳልገባው የሚናገረው ደብተሩ ብቻ ነው። ከስልክ የተቀዳ መልስ ደግሞ ለፈተና አያደርስም፦ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ፈተና አዳራሽ ስልክ አይገባም።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ከምትልኩት የቤት ሥራ ቢያንስ የሁለት ጥያቄዎችን አሠራር በደብተር አስጽፉና ፎቶውን ተቀበሉ። በማግስቱ ሁለት ሦስት ልጆች ሰሌዳ ላይ ወጥተው የላኩትን ያስረዱ፤ ለማስረዳቱ ከመልሱ የበለጠ ማርክ ስጡት። ስልክ የሌለውም እንዲያገኘው ጥያቄውን ሁልጊዜ ክፍል ውስጥም ጻፉት። የማስረከቢያውን ሰዓት ከማታ ወደ ጠዋት አዙሩት፤ በብዙ ቤት ስልኩ የሚገባው ማታ ከአባት ጋር ነው። ስልክ የሌለው ልጅ በደብተሩ ቢያስረክብ እኩል ይታረምለት፤ ‹‹የለኝም›› ብሎ በጓደኞቹ ፊት እንዲናገር አታስገድዱት።

ርዕሳነ መምህራን፣ ስልክ ለሌላቸው ልጆች የአይሲቲ ክፍሉን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ክፈቱልን።

ወላጆች፣ ‹‹ስንት አገኘህ?›› ከማለታችሁ በፊት ‹‹እስቲ ደብተርህን አሳየኝ›› በሉ። ሒሳብ ባትችሉም ባዶ ገጽ አይጠፋችሁም።

የሒሳብ ዲፓርትመንት ስብሰባ በዚህ ሳምንት ካላችሁ አጀንዳ አስይዙት። ከሌላችሁም አንድ የክፍል ደረጃ የምታስተምሩ ሁለት መምህራን ተነጋግራችሁ ጀምሩ።