«ይሄ ደግሞ ሙዚቃ ነው?»

ኮምፒውተር ላይ የተሠራ፣ ዘፋኝ የሌለው፣ መሰንቆን ቆራርጦ ከማሽን ከበሮ ጋር የሚያጋጭ ሙዚቃ ታላላቆቻችን ፊት ስንከፍት የሚገጥመን ጥያቄ ይሄ ነው። ጥያቄው ውስጥ ሁለት ክሶች አሉ። አንዱ «የፈረንጅ ነገር ነው» ይላል። ሌላው «ሙዚቃችንን የገደለው ማሽን ነው» ይላል። እኛ ለሁለቱም መልስ አለን።

የፈረንጅ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1944 ሃሊም ኤል-ዳብህ የሚባል ወጣት ግብፃዊ ካይሮ ውስጥ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ ሴቶች የሚያካሂዱትን የዛር ሥነ ሥርዓት ቀዳ። አዎ፣ ዛር፤ ብዙ ተመራማሪዎች ከእኛ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ግብፅ ተሻገረ የሚሉት ያው ዛር። የቀዳውን ድምፅ ስቱዲዮ አስገብቶ ማሚቶውን እየጨመረና እየቀነሰ ሌላ ነገር ሠራበት። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በተቀዳ ድምፅ የሠራውን ሙዚቃ ፓሪስ ላይ ያሰማው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ኤል-ዳብህ ኋላ ኒውዮርክ ሄዶ በታዋቂው የኮሎምቢያ-ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠራ። ከዚያ ወዴት መጣ? አዲስ አበባ! በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ ዋሽንቱንና ከበሮውን አንድ መድረክ ላይ በአንድ ቡድን አስቀምጦ ማጫወት ያኔ ሙከራ ነበር። ዛሬ «ባህላዊ ኦርኬስትራ» ብለን ስሙ ሲነሣ ደረታችንን የምንነፋበት ነገር ትናንት የአንድ ሞካሪ ሥራ ነበር ማለት ነው።

ማሽን ገዳይ ነው?

እዚህ ላይ ታላላቆቻችን እውነት አላቸው። ትልልቆቹ ባንዶች ከነትራምፔታቸው ከነሳክስፎናቸው ሲበተኑ ቦታቸውን አንድ ኪቦርድና አንድ ተጫዋች ያዘው። ፋብሪካ የጫነበት ምት ይከፈታል፣ ዘፋኙ ይዘፍናል፣ አለቀ። እኛም እዚያ ድምፅ ውስጥ ነው ያደግነው። ግን ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። ኪቦርዱ የገባው ወጪ ለመቆጠብ እንጂ አዲስ ነገር ለመፈለግ አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ። ተራ ኪቦርድ አንድን ኦክታቭ እኩል ለ12 ይከፍላል። የመሰንቆ ተጫዋች ጣት ግን በሁለት ቁልፎች መሐል ያለውን ድምፅ ያውቀዋል፤ አንቺሆዬን በኪቦርድ ስንሰማ የሆነ ነገር የጎደለ የሚመስለን ለዚህ ነው። ኮምፒውተር ግን እንዲህ ዓይነት ግድ የለበትም። እንደፈለግነው እንቃኘዋለን። ማለትም ኪቦርዱ የነጠቀንን ቅኝት ማሽኑ ራሱ ሊመልስልን ይችላል።

ለ«ጩኸት ብቻ ነው» ባዮችም አንድ ነገር እንበል። በገና የሚነዝረው ለምንድን ነው? ከእያንዳንዱ ጅማት ሥር እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ስለተደረገችለት ነው። አባቶቻችን ጥርት ያለ ድምፅ ማውጣት አቅቷቸው አይደለም፤ ንዝረቱን ፈልገውት ነው። የዛሬ ሞካሪዎች በማሽን የሚያሳድዱት ሻካራ ድምፅ በገናችን ላይ ተሰክቶ ኖሯል።

ታዲያ ማን እየሰማ ነው?

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከማሽን ከበሮ ጋር አጋብቶ ካሴት ሠራ። ከዚያ ለዓመታት ዳላስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ታክሲው ውስጥ ኪቦርዱን ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ከአንድ ሙዚቃ ቤት አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ካሴቱ እኮ ባሕር ዳር ነበር! ከእኛው መደርደሪያ ላይ።

ከእሱ በኋላ የመጡት ሚካኤል ሰይፉና ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ጠሩት። የአዝማሪውን ድምፅ፣ የዋሽንቱን ትንፋሽ፣ የአዲስ አበባን ግርግር ከማሽን ጋር ያዋህዳሉ። ሥራቸውን ግን ማን አሳተመው? የዋሽንግተንና የኒውዮርክ አሳታሚዎች። የሚካኤል «ዘላለም» እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኒውዮርክ ነው። ማን ጻፈላቸው? የውጭ መጽሔት። እኛ ደግሞ ፈረንጅ ካጨበጨበ በኋላ «የእኛ ልጆች» እንላለን።

ይሄ መቆም አለበት። መፍትሔው ደግሞ ሚኒስቴር አይጠብቅም። የምሽት ቤት ባለቤቶች ሆይ፣ ከሳምንቱ አንዷን ቀዝቃዛ ማታ ለሞካሪዎች ስጡ። የኤፍኤም አዘጋጆች፣ ግማሽ ሰዓት አያከስራችሁም። እኛ አድማጮች ደግሞ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ መገልበጡን ትተን እንክፈል።

ለሞካሪዎቹም አደራ አለን። ድምፁን ቆርጣችሁ የምትወስዱለት አዝማሪ ስም አለው፤ ቤተሰብም አለው። ስሙን ጻፉለት፣ ድርሻውን ስጡት። የማሽኑ ሙዚቃ የእኛ የሚሆነው መሰንቆ ስለገባበት ብቻ አይደለም፤ መሰንቆውን የመታው ሰው ከገቢው ሲቋደስም ጭምር ነው።

እስከዚያው ግን ታላላቆቻችን ያንን ጥያቄ ሲያነሡ እኛም እንጠይቃቸው፤ ቆይ፣ እስከ መጨረሻው ሰምታችሁታል?