የራስ እምሩ ቤትና የሙሶሊኒ ሌሊት

ወገኖቼ፣ በጦርነቱ ጊዜ ውርጌሳ ላይ በሩ የተሰበረበት ሰው ብዙ ነው። ቤታቸው ተሰርስሮ በሬያቸው የተነዳባቸው አንዲት እናት ከጸሎት በኋላ፣ «ፓስተር፣ ሰርሳሪው መቼ ነው የሚቀጣው?» ይሉኛል።

እኔ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ትዝ ይሉኛል። የማንንም ቤት አልሰረሰሩም፤ አገራቸውን ነበር የጠበቁት። በ1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ በጣሊያን እጅ ወደቁና ባሕር ተሻግረው ፖንዛ በምትባል ትንሽ ደሴት ታሰሩ። (እኛ ግዞት ሲባል አምባ ነው የምናስበው፤ የእርሳቸው ዙሪያው ውኃ ነበር።)

ሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ተገለበጠ። የገዛ ወገኖቹ ፖንዛ አምጥተው ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት አስገቡት! የሰው አገር ሰብሮ የገባው፣ ግዞተኛው ባደሩበት ቤት አደረ።

መጀመሪያ ሳነበው፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ኋላ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ሰውዬው እዚያ ሳለ የኢየሱስን ሕይወት የሚተርክ መጽሐፍ ያነብ ነበር። በመስከረም መባቻ ጀርመኖች ከሌላ እስር ቤት ሲያስወጡት ግን ወደ ቀድሞው መንገዱ ተመለሰ። ቅጣቱ ደረሰ፤ ልቡ ግን አልተሰበረም። በሉቃስ 23 ሁለት ወንበዴዎች አንድ ቅጣት ተቀብለው ልባቸው እንደ ተለያየ አስቡ። ስለዚህ ለሰርሳሪው ከቅጣት ይልቅ ንስሓ እለምናለሁ፤ ፍርድ ቤቱም ሥራውን ይሥራ።

ይህን ለእናታችን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እሺ ፓስተር፣ በሬዬንስ ማን ይተካልኛል?» አሉኝ።

እስከ ዛሬ አልተካንላቸውም።