ቀሚሱ ለምን አጠረ?

የዩኒቨርሲቲያችን የባህል ቡድን ለሴት ተወዛዋዦቹ አዲስ ልብስ ሊያሰፋ ነው እየተባለ ሲወራ ሰንብቷል። ከቀረቡት አሳቦች አንዱ፣ የሀገር ቀሚሱ እስከ ጉልበት ይጠር፣ ከሥሩም ጠጣር መረብ ጨርቅ ተነባብሮ ይግባበትና እንደ ባሌት ቀሚስ ይነፋ የሚል ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ዘመናዊ እንዲሆን» ይባላል። በእኔ አስተያየት ግን ባሌት ቀሚሱን ያሳጠረው ዘመናዊ ለመባል ሳይሆን እግሩ የሚሠራውን ሥራ ለማሳየት ነው። የእስክስታ ሥራ ያለው ትከሻ ላይ ስለ ሆነ፣ ቀሚሱን ከታች ብንቆርጠው የምናየው አዲስ ነገር የለም።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ የፈረንጆቹን ታሪክ ባጭሩ ላንሣ፤ ዘመኑንም በእነርሱ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፓሪስ ኦፔራ የሚጨፍሩት ሴቶች ልብስ ከቤተ መንግሥት ወይዛዝርት ልብስ እምብዛም አይለይም ነበር፤ ረዥምና ከባድ ነው። በ1726 በዚያ መድረክ ላይ የወጣችው ማሪ ካማርጎ ወደ ላይ ዘላ እግሮቿን በአየር ላይ የማጠላለፍ ችሎታ ነበራት። ይህ ጥበብ በቀሚስ ተሸፍኖ ቢቀር ለማን ይጠቅማል? ስለዚህ ከቁርጭምጭሚቷ ጥቂት ከፍ አደረገችው ይባላል። በ1832 ደግሞ ማሪ ታሊዮኒ «ላ ሲልፊድ» በተባለው ባሌት እንደ ደወል የሰፋ፣ ነጭ ስስ ጨርቅ የተነባበረበት፣ ከጉልበት በታች የሚደርስ ቀሚስ ለብሳ ታየች። በእግሯ ጣቶች ጫፍ ቆማ ስለምትጨፍር፣ ተመልካቹ ማየት የፈለገው ያንኑ ነበር። በክፍለ ዘመኑ ማለቂያ ላይ እነ ቪርጂኒያ ዙኪና ፒዬሪና ሌኛኒ ከኢጣልያ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄደው የበለጠ ከባድ አጨፋፈር አመጡ፤ ሌኛኒ በ1895 «የዋኖች ሐይቅ» በተባለው ባሌት በአንድ እግሯ ቆማ 32 ጊዜ ተሽከርክራለች። ቀሚሱም ወደ ላይ ሸሸ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሽቦ ገብቶበት ከዳሌ ላይ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ሁኖ ተዘረጋ። ዛሬ ቱቱ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ይህንኑ ሰፌድ ነው።

ሰፌዱም ቢሆን የመጨረሻው አልነበረም። ብዙ ጨፋሪዎች ተጠጋግተው ሲሰለፉ ሽቦው እየተነካካ ቀሚሱ ይወዛወዝ ነበር። ስለዚህ ካሪንስካ የተባለችው ልብስ ሠሪ በ1950 ለጆርጅ ባላንቺን ባሌት ሽቦውን አውጥታ አጠር ያለና ለስላሳ ቱቱ ሠራች። እንግዲህ ይህን ሁሉ ጊዜ መቀሱን የሚመራው ሥራው ነው። ደግሞም «ዘመናዊ» የሚለውን ቃል ለሚወዱ፣ ኢሳዶራ ደንካን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ቱቱውንም ጫማውንም ጥላ በባዶ እግሯ መጨፈሯን ማስታወስ አለብኝ። አውሮፓ ራሱ ከመቶ ዓመት በፊት ያረጀ ብሎ የተከራከረበትን ልብስ እኛ ዛሬ አዲስ ነው ብለን ልናሰፋው ነው! በአዲስ አበባም በ1996 እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም ከ100 በላይ የጎዳና ልጆችን «ካርሚና ቡራና» ባስጨፈረ ጊዜ፣ ከዚያም አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ሲፈጠር፣ ዘመናዊነቱ የመጣው ከእንቅስቃሴው ነው እንጂ ከመረብ ጨርቅ አልነበረም።

የመረብ ጨርቅን ነገር ካነሣሁ ዘንድ አንድ የሚያሳዝን ታሪክ ልጨምር። የባሌት ቀሚስ ስስና አየር የሚገባበት በመሆኑ ለእሳት የተመቸ ነበር፤ መድረኩም የሚበራው በዘይትና በጋዝ መብራት ነው። በታኅሣሥ 1844 ክላራ ዌብስተር በለንደን ድሩሪ ሌን ቴአትር ቀሚሷ በመብራት ተያይዞ ሞተች። ኤማ ሊቭሪ የምትባለው የፓሪስ ወጣት በኅዳር 1862 በልምምድ ላይ ሳለች የጋዝ መብራት ቀሚሷን አያያዘው፤ ስምንት ወር ተሠቃይታ በ20 ዓመቷ አረፈች። ጨርቁን እሳት እንዳይዘው በመድኃኒት መንከር በዚያን ጊዜ ይታወቅ ነበር። ነገር ግን ጨርቁን ያደርቀዋል፣ ንጣቱንም ያጠፋዋል ብላ እርሷው ራሷ እምቢ ብላ ነበር።

የጋዝ መብራት ዘመን አልፏል፤ ይሁን እንጂ የእኛ የባህል ትርኢት መድረክ ላይ ምን እንዳለ እናስብ። ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ ከሰሉ በማንደጃው ላይ ግሎ፣ ዕጣኑ እየጨሰ ነው የምንጨፍረው። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ በአንድ ልምምድ ላይ የናይሎን ቀሚስ ጫፍ ማንደጃ ነክቶ ሲቀልጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቷ ተረፈች፤ ቀሚሱ ግን ከባቷ ላይ ሊጣበቅ ምን ቀረው? ከጉልበት በታች ተነፍቶ በየአቅጣጫው የሚዘረጋ ናይሎን ለብሶ በፍም አጠገብ መዞር ምን ይባላል?

አጭር ቀሚስ ነውር ነው እያሉ የሚቃወሙም አሉ። የእኔ ክርክር እርሱ አይደለም። እግር መታየቱ ከጠቀመ ይታይ፤ እንዲያውም በጉራጌ ጭፈራ ፈጣኑ ሥራ እግር ላይ ስለ ሆነ፣ ለእርሱ የሚሰፋው ልብስ አጠር ቢል አልከራከርም። ወላይታ ሲሆን ወገቡ ይታይ። እስክስታ ሲሆን ግን መቀሱ መሄድ ያለበት ወደ ላይ ነው። አንገቱ ሰፋ ይበል፤ ብብት ሥር ትርፍ ጨርቅ ይተውና ትከሻ ሲመታ እጅጌው መላ ቀሚሱን አይጎትት፤ መቀነቱ ጠበቅ ብሎ ላይኛውን ከታችኛው ይለይ። እናቶቻችን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው ወደ ጭፈራ የሚገቡት ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሴ አገር ልግባ፤ የቀወት ልጅ ነኝና። ልብሱ ይሻሻል ከተባለ ሊሻሻል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። በሠርግና በበዓል ሰው የሚጨፍረው ያለውን ጥሩ ልብስ ለብሶ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሶ በረድፍ የሚቆመው በመድረክ ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ተከፍቶ፣ የመድረክ ልብስ የሚባል ነገር እየጸና ሄደ። በዚህ ዓይነት «የሰሜን ሸዋ ጭፈራ» ሲባል በእኛ መድረክ የሚወጣው የመንዝ ልብስ ነው፦ በርኖስ፣ ወፍራም ጋቢ፣ ባና። መንዝ ብርድ ነው፤ አይፈረድበትም። ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ መንገደኛ ግን መጀመሪያ የሚያደርገው ካፖርቱን ማውለቅ ነው። በይፋት ቆላ ወንዱ ሽርጥ ያሸርጣል፤ ሴቷ ስስ ነጠላ ትለብሳለች። ጎረቤቶቻችን አርጎባዎች በሽመናቸው ከጥንት የታወቁ ናቸው። እኔ ግን ባለፈው ዓመት የቀወትን ዘፈን ስንጫወት በርኖስ ደርበውልኝ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ ትከሻዬን ስመታ አመሸሁ። ትከሻዬ ተመታ አልተመታ ያየ ሰው እንደሌለ እገምታለሁ።

ልብስ ከለባሹ ጋር መስማማት እንዳለበት ከፈረንጆቹ የምንማረው ካለ፣ ሃርለም ዳንስ ቴአትር ያደረገውን እንመልከት። አርተር ሚቸልና ካሬል ሹክ በ1969 በኒው ዮርክ ያቋቋሙት ይህ ቡድን የጥቁሮች ባሌት ነው። የባሌት ካልሲና ጫማ ሐምራዊ የሆነው ከነጭ ቆዳ ጋር እንዲመሳሰል ስለ ነበር፣ እነርሱ በ1970ዎቹ እንደየቆዳቸው ቀለም እያስነከሩ መልበስ ጀመሩ። ቱቱውን አልጣሉትም፤ በእነርሱ ገላ ላይ እንዲያምር አደረጉት እንጂ።

የባህል ቡድኑ ገንዘብ የተማሪው ገንዘብ ስለ ሆነ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። መረብ ጨርቁና ናይሎኑ ይቅርና በእጅ የተሸመነ ስስ ሸማ ይገዛ። ለቆላው ዘፈን ሽርጥና ነጠላ ይጨመር፤ ዋጋው ከበርኖስ አይበልጥም። ልብስ ሰፊውም ልክ ከመውሰዱ በፊት ልምምዱ ላይ ተቀምጦ ልጆቹ ሲወዛወዙ ይይ። የቡድኑ ኃላፊዎች መልስ ካላቸው በሚቀጥለው እትም ቢጽፉልን በደስታ አነባለሁ።